አልዪ ጫቷን ያመሰገነ ዕለት

አዴ ሙሉካ መሞቷን የነገሩኝ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ በተኛሁ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። አባዬ፣ እማዬ፣ ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎችና አንዲት ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴትዮ አልጋዬን ከበው ቆመዋል። ዓይኔን ስገልጥ ያቺ የማላውቃት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ማን እንደሞተብኝ ሳላውቅ የሰው እንባ አየሁ። ከዚያ አባዬ «አይዞሽ ልጄ» ብሎ ነገረኝ።

«መቼ?» አልኩት።

ለካ ቆይቷል። ተቀብራለች፤ ሰደቃዋም ወጥቷል። እማዬ «አሰበ ተፈሪ ሰርግ አለብኝ» ብላ፣ ጸጉሯን ተሠርታ የሄደችው ለእሷ ለቅሶ ነበር።

«ለአንቺ ብለን ነው» አለ አባዬ። «ፈተናሽ እንዳይበላሽ።»

ፈተናዬ አልተበላሸም። እግዜር ይስጣቸው።

መርዶ መደበቅ ያለ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ሰው ይሞታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ የሀዘኑ ባለቤት ብቻ አይሰማም፤ ከዚያ አንድ ቀን በጠዋት ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። በሌላ ሰው ሞት ቢያደርጉት ምንም አልልም ነበር። ግን በአዴ ሙሉካ ሞት! እነሱ ራሳቸው፣ ያንን ሁሉ አይተው! ለምን እንደተንጨረጨርኩ እንዲገባችሁ ከጫት ተራ መጀመር አለብኝ።

አሰበ ተፈሪ ስንኖር ቤታችን ከጫት ተራው ጀርባ ነበር። አባዬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጤና ረዳት ነው፤ የከተማው ሰው ግን «ሀኪም» ነው የሚለው፤ እሱም አያርማቸውም። አዴ ሙሉካ በአጥር የምትዋሰነን ጫት ሻጭ ናት። «አዴ» እዚያ አገር ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። እማዬ እንዳሳደገችኝ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» እያልኩ ሳነጋግራት የያዘችውን ጫት አስቀምጣ አየችኝ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከእርስዎ ጋር።»

«እኔ ስንት ነኝ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው አንቺ በይኝ። ብዙ ሰው መሆን ይደክመኛል።»

እሷ ራሷ ለሁሉም አንተና አንቺ ነው የምትለው፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር። «አንተ ሊቀመንበር፣ ጥላህን ከጫቴ ላይ አንሳ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አነሳ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እቀነጥስላታለሁ። ሥራው ቢጫውንና የደረቀውን ቅጠል መንቀል፣ ለስላሳውን ባንድ ወገን መደርደር፣ ማሰር፣ በረጠበ ጆንያ መጠቅለል ነው። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን እጄ እዚህ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ለስላሳውን ጥዬ ቢጫውን አስራለሁ። እሷ አትቆጣም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«ኢንተላ፣ የት ደርሰሽ መጣሽ?» ኢንተላ በኦሮሚኛ ልጅት ማለት ነው፤ ሰናይት የሚለውን ስሜን ጠርታው አታውቅም።

«ድሬዳዋ» እላለሁ፤ እውነት ለመናገር ስለ ድሬዳዋ ከረሜላ እያሰብኩ ነበርና።

«ታዲያ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ምንም።»

«ባዶ እጅሽን? ይህን ሁሉ መንገድ ሄደሽ? ተቀመጪ እዚህ። እዚህ ቢያንስ ጫት አለ።»

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁለት መዳፏን የረጠበው ጆንያ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። ሰው ዱኣ ይመስለዋል። አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ዱኣ ነው?»

«አይደለም። ጆንያው ቀዝቅዟል ወይ ብዬ ነው።»

«እና?»

«ቀዝቅዟል።»

በቃ። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። እኔ ትልቅ ምስጢር ጠብቄ ነበር።

ከፊት ለፊቷ አልዪ የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ ይቀመጣል። እኔ ኦቦ አልዪ ነው የምለው፤ እሷ አልዪ። ይህ ሰው በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት፣ ጫቷን ይሰድባል። ገና ጆንያዋን ስትገልጥ ይጀምራል።

«ሙሉካ! ዛሬ ገረባ ይዘሽ መጣሽ?» ገረባ ለፍየል የሚጣል የጫት ትራፊ ነው።

«ላንተ ጥርስ ገረባም ይከብዳል።»

«ፍየሌ ታማ ተኝታለች። ትናንት ያንቺን ጫት ቀምሳ ነው።»

«ፍየልህ የታመመችው ፊትህን አይታ ነው።»

ገዢው ሁሉ ይስቃል። የገበያው ሙዚቃ ነበሩ። ሳይሰዳደቡ የዋሉ ቀን አንዱ ታሟል ማለት ነው።

ጀማል አንድ ልጇ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ የድሬዳዋ መኪና ላይ ጫት የሚጭን። አንድ የገበያ ቀን አብዮት ጠባቂዎች ተራውን በሁለት በኩል ዘጉና ጎረምሳ ሁሉ ታፈሰ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ጀማል ትከሻው ላይ ጭነት ነበረው፤ ጭነቱን እንኳ አላስወረዱትም፤ አንዱ ገፍቶ ጣለለት። እናቶች መሬት ላይ ይንከባለላሉ፤ የመኪናውን ጎማ ያቅፋሉ። አዴ ሙሉካ የመኪናው እንጨት ላይ ተንጠላጥላ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፤ አየችው ብቻ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰዎች ናቸው ጎትተው ያወረዷት።

በማግስቱ ጫት ይዛ ወጣች። ተራው ሁሉ አማት። «ልቧ ድንጋይ ነው» አሉ። እኔም አፌ አያርፍምና ጠየቅኳት።

«አታለቅሽም እንዴ?»

ስለ ባሏ ነገረችኝ። ሾፌር ነበር። ሶማሊያ የወረረ ጊዜ ጭነት ይዞ ወደ ጅጅጋ ወጣ፤ ቀረ። ሞተ ያላት የለም፤ አለ ያላት የለም።

«መኪና በጮኸ ቁጥር እሮጥ ነበር» አለችኝ። «ወጡን እሳት ላይ ትቼ። ልጁን በር ላይ ትቼ። ከቦርደዴ የሚመጣ፣ ከሐረር የሚመጣ፣ ሁሉንም። ብዙ ዓመት ሮጥኩ። አንድ ቀን ጀማል ሲስቅ አየሁት፤ ፊት ያሉት ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው። አዲስ። ጥርስህ መቼ ወለቀ? አልኩት። ድሮ አለኝ። ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ከእናቱ ጋር ነው ጣሪያ ላይ የሚወረውረው፤ ታውቂያለሽ። ከማን ጋር ወረወርክ? አልኩት። ብቻዬን አለኝ። እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ እኮ ኢንተላ! እዚያው ቤት! ግን አልነበርኩም።»

አንድ ቢጫ ቅጠል ነቅላ ጣለች።

«ከዚያ ወዲህ አልሮጥኩም። የሄደው ሄዷል። ያለውን ልየው አልኩ። ትናንት ጀማልን በደንብ አየሁት። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። አላህ ካመጣው ይመጣል። ካላመጣውም ያየሁትን ማንም አይወስድብኝም።»

እንዲህ ነበረች። ሌሎቹ እናቶች መኪና መቆሚያ እየዋሉ ሲከሱ እሷ ጫቷን ትቀነጥሳለች፤ ቡና ቢሰጧት ትኩስ ነው ትላለች፤ ዝናብ ሲመጣ ቀና ብላ ታየዋለች። ጀማልን አትረሳም፤ ስሙን ትጠራለች፤ ያደረገውን ቀልድ እየነገረች ታስቀኛለች። ግን አትሮጥም።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ በወጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጆንያዋን ገለጠች። አልዪ አየ። ስድቡን ጠበቅን። እኔ ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

«ቆንጆ ጫት ነው፣ አዴ ሙሉካ» አለ።

አዴ አላት! ገረባ የለ፣ ፍየል የለ። በሳቅ ፈረስኩ። «ኦቦ አልዪ ዛሬ ምን በልተው ነው? ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዞር ስል የአዴ ሙሉካ እጅ ቆሟል። አልዪን ታየዋለች። እሱ መሬት መሬት ያያል። ቆይታ «አልሃምዱሊላህ» አለችና መቀንጠሷን ቀጠለች። ድምጿ ሌላ ነበር። አሟት ይሆናል ብዬ ውሃ አመጣሁላት፤ ጠጣች፤ «ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ።

ያኔ እኔ ያላወቅሁት ይህ ነው። ከሰሜን ጦር ግንባር እግሩን አጥቶ የተመለሰ አንድ የገለምሶ ልጅ፣ አባዬ የሚሠራበት ጤና ጣቢያ መጥቶ ነግሮታል። ከጀማል ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ጀማልን በገዛ እጁ ቀብሮታል። መልእክትም አለኝ ብሏል፤ ለእናቱ። አባዬ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። «ግፊት አለባት፤ ድንገት ከሰማች ትሞትብናለች» አላቸው። የሕክምና ቃል ነውና ማን ይከራከራል? እንዲቆይ ተባለ። ልጁ ደግሞ ወጣት ነው፣ አፉ ያመልጠዋል ተብሎ ዳግመኛ ወደ አሰበ ተፈሪ እንዳይመጣ ተመከረ።

ከዚያ ረመዳን ገባ፤ ይለፍ ተባለ። ረመዳን ሲያልፍ አረፋ ቀረበ። አረፋ ሲያልፍ ሊቀመንበሩ ጠርቶ «ከመንግሥት ወረቀት ሳይመጣ ለቅሶ የለም፤ ሞራል ይነካል» አላቸው። የማን ሞራል እንደሆነ አልተናገረም። ተራው ሁሉ ያውቃል፤ ሕጻናቱ ያውቃሉ። እኔ ብቻ አልተነገረኝም፤ ከእሷ ጋር ስለምውልና አፌ አያርፍም ስለተባለ። ስገባ ወሬ ይቆማል። አባዬ ደግሞ ሳትጠራው እየሄደ ክንዷን ጠቅልሎ ግፊቷን ይለካል። ሲመለስ እራት አይበላም ነበር።

ወረቀቱ ከመጣ በኋላ አንድ ቀን በማለዳ እማዬ በጨለማ ነጠላ ስትለብስ ነቃሁ። ተከተልኳት። አዴ ሙሉካ በር ላይ ሽማግሌዎቹ፣ አልዪና የመርፌ ቦርሳውን የያዘው አባዬ በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ።

«አንተ አንኳኳ።»

«እኔ ለምን? ሀኪሙ ያንኳኳ።»

«አልዪ ያንኳኳ፤ ወዳጇ ነው።»

«ወላሂ እጄ አይታዘዝልኝም።»

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ ያላት ምንጣፍ ሁሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። ጥግ ላይ ውሃ ተቀድቶ ተቀምጧል። ጥቁር ለብሳለች።

«ግቡ» አለች። «ዘገያችሁ።»

ማንም አልገባም። አባዬ ቦርሳውን እየከፈተ «አዴ ሙሉካ፣ መጀመሪያ ግፊትሽን ልለካና...» አለ።

«ተቀመጥ፣ አንተ ሀኪም። የኔ ደም ደህና ነው። ክንዴን ስትይዝ የሚንቀጠቀጠው ያንተ እጅ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማን ነገረሽ?» አላት።

በአገጯ አልዪን አመለከተች።

«እኔ?» አልዪ ደረቱን መታ። «አላህ ያውቃል! አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም!»

«ጫቴን አመሰገንከው» አለችው።

አልዪ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሁሉም ገቡ፤ ተቀመጡ። «ዛሬ እንደምንመጣስ በምን አወቅሽ?» አለቻት እማዬ እያለቀሰች። «ትናንት ደህና እደሪ ስትዪኝ አቀፍሽኝ። አቅፈሽኝ አታውቂም» አለቻት አዴ ሙሉካ።

ከዚያ አባዬን ጠየቀችው። ማን እንዳየው፣ ማን እንደቀበረው። አባዬ ስለ ገለምሶው ልጅ ነገራት።

«እሱ የት አለ? ጥሩልኝ።»

አባዬ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ምንጣፉ።

«መልእክት አለኝ ብሎ ነበር» አለ አባዬ በመጨረሻ። «እኛ... እንዳያመልጠው ብለን... እንዲርቅ ነገርነው። አሁን ጅቡቲ ተሻግሯል ይባላል።»

«መልእክቱን አልተቀበልከውም?»

«ለእናቱ ብቻ ነው የምናገረው አለ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስለ ልጇ ሞት አይደለም፤ እሱን ብቻዋን አልቅሳ ነበር። አፏን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ስትጮህ እኔ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸግሁ።

ሰው ግን ምን አለ? «ሰብር! እንዴት ያለ ሰብር ነው!» በለቅሶው ሰሞን ሁሉ የሚወራው ይኸው ነው፤ ሁሉን አውቃ ዝም ማለቷ፣ ችላ መያዟ። የደበቁት ሰዎች ትዕግሥቷን እያደነቁ ንፍሯቸውን በሉ። ሊቀመንበሩም አንድ ስብሰባ ላይ «እንደ አዴ ሙሉካ ያሉ የማይበገሩ እናቶች» ብሎ ተናገረ፤ አስጨበጨበላት።

ሰሞኑን ሁሉ ካለፈ በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኳት።

«ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«ብጠይቅ ይዋሻሉ። ከዚያ ሁለት ሸክም ይሆንብኛል፤ ልጄና ውሸታቸው።»

«እና ያን ሁሉ ወር ምን ስታደርጊ ነበር?»

«አጠገቤ ነበርሽ፤ አይተሻል። እቀነጥስ ነበር። ሀዘኑ ሲመጣ አልሸሸሁትም። እዚህ ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ ከባድ ነው፤ ከባድ ነህ እለዋለሁ። ጫቱ አረንጓዴ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ልጄ ሞቷል። ሁሉም እውነት ነው። አንዱን ለማየት ሌላውን አልሸፍንም።»

«ሰላም አለሽ ማለት ነው?»

«አለኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗ ጠበበ። «ግን ሰላሜ የኔ ነው። ሰላም አላት ብለው እነሱ እንዳይገላገሉበት። የዚያ ልጅ እጅ ጀማልን አፈር አልብሶታል። ያን እጅ መያዝ ነበር የፈለግሁት። እሱን ነው የነሱኝ። ይህንንም አልሸፍነውም።»

ብዙ ሰው መቀበል ማለት ዝም ብሎ መርሳት ይመስለዋል። እሷ አንዱንም አልረሳችም። አባዬን ሰላም ትለዋለች፤ ክንዷን ትሰጠዋለች፤ ግን «ለአንቺ ብለን ነው» ባለ ቁጥር «ለራስህ ነው» ትለዋለች። በቁጣ አይደለም፤ ጆንያው ቀዝቅዟል እንደምትለው።

አባዬ ወደ ገለምሶ ሲዛወር የዚያን ልጅ ቤት ፈልጌ አገኘሁት። እናቱ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ከጅቡቲ ነው የመጣሽው?» አለችኝ፤ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። አይደለም ስላት መልሳ ቁጭ አለች።

እና አሁን፣ እኔ ገለምሶ ፈተና ሳጠና አዴ ሙሉካ ታመመች፤ አባዬ ሄዶ አያት። ይህን የነገረኝ መርዶውን በሰማሁበት ጠዋት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ስጮህበት ነው።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

«ኧረ ተይው ልጄ።»

«ምን አለች?»

«ስሞት ለኢንተላ በዚያው ቀን ንገሯት፤ አትደብቋት አለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እሺ አልኳት።»

አባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ስጽፍ እንኳ እያሳዘነኝ ነው፤ ይህም ያናድደኛል። ደግሞ እኮ በፈተናው ሰሞን አውቄ ነበር! ውሃ አትቅጂ አሉኝ፤ ወንድሜ ብርድ ልብሱን ያለ ጠብ ለቀቀልኝ፤ እማዬ እራት ላይ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋችው። እኔ እንደ አዴ ሙሉካ አይደለሁም፤ ጠየቅኳቸው። «ምን ተፈጥሮ ነው?» አልኩ። «ምንም» አለች እማዬ ዓይኔን እያየች። አዴ ሙሉካ ያለችው ሁለት ሸክም ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

በመርዶው ማግስት ማንንም ሳላስፈቅድ በጠዋቱ አውቶቡስ አሰበ ተፈሪ ገባሁ። ጫት ተራው ቦታው ላይ ነው። እሷ ትቀመጥበት የነበረው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ፣ ራዲዮ ከፍታ፣ ጫት ትቀነጥሳለች። አልዪ አርጅቷል። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

«ማን ሞቶባት ነው?» አለች አንዷ።

«ሙሉካን ነው የምታለቅሰው። የሀኪሙ ልጅ ናት።»

«ሙሉካማ ድሮ! ሰደቃዋ ወጥቶ የለ እንዴ? ንገሯት፤ አሁን መጮህ ነውር ነው። ሟችንም ያስቸግራል።»

«ተዉአት» አለ አልዪ። ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «መቼ ነው የሰማሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት ከሆነ» አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ «ሬሳው ገና ቤት ነው።»

ከመቀመጫው ወረደ። ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቤ አፈር ላይ ተቀመጠ፤ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አብሮኝ አለቀሰ። አንድ ገዢ መጥቶ ቆመ።

«ኦቦ አልዪ፣ ይሄ ጫት አይሸጥም?»

«ለቅሶ ላይ ነን» አለው ከፎጣው ውስጥ።

ሰውዬው ትንሽ ቆመና ሄደ። ሌላም መጣ፤ ሄደ። ፀሐይዋ ወጥታ አናታችን ላይ ደርሳለች። የአልዪ ጆንያ እንደተከፈተ ነው። ጫት ፀሐይ ከመታው አለቀለት፤ ማንም አይገዛውም። ልነግረው ዞር ስል ፎጣውን ከፊቱ አንስቶ እሱም ወደ ጫቱ ያያል። አውቆ ነው። እጁን አልዘረጋም፤ እኔም አልዘረጋሁም። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እየጠቆረ፣ እየተኮማተረ፣ አንገቱን ሲደፋ ሁለታችን ቁጭ ብለን እስኪያልቅ አየነው።